ግማሹ ጉልበት ይቀየር ወይስ ሙሉው?

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 64 ነው፤ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀኝ ጉልበቴን በውስጥ በኩል ማመም ከጀመረኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዲክሎፌናክ ስውጥ ኖሬያለሁ፣ ሁለት ጊዜ ጉልበቴ ላይ መርፌ ተወግቻለሁ፣ ፊዚዮቴራፒም አራት ቀን ሄጄ ትቼዋለሁ። አሁን ደረጃው ቀርቶ ከቡና በርጩማ ለመነሣት እንኳ ሰው እጄን መያዝ አለበት። አንዱ ሐኪም ‹የተበላሸው አንዱ ወገን ብቻ ስለሆነ ግማሹን መቀየር ይበቃል› አሉኝ። ሌላው ‹ክብደትዎ 84 ኪሎ ነው፣ ከሎሚው ሥርም ተሸርሽሯል፣ እኔ የምቀይረው ሙሉውን ነው› አሉ። ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ ደግሞ ግማሹ ቅያሪ ከሙሉው ሁለት እጥፍ ይበላሻል የሚል አንብባ ‹እማዬ፣ እንዳትሞክሪው› ትለኛለች። ማንን ልስማ? ከሁሉም በላይ፣ ለዐቢይ ጾም መስገድ እችል ይሆን? ባንክ በር ላይ ያለው መፈተሻስ ይጮህብኝ ይሆን? የልደታዋ እናት።»

ይከበሩ እትዬ፣

ሁለቱ ሐኪሞች የተቃረኑ መስለው ቢታዩዎትም፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው የተረዳሁት ሁለቱ የመለሱት ጥያቄ የተለያየ መሆኑን ነው። የመጀመሪያው «ይህ ጉልበት የቱ ላይ ተበላሸ?» የሚለውን መልሰዋል፤ ሁለተኛው ግን፣ ባልሳሳት፣ «እኔ የትኛውን ሥራ ተማምኜ እሠራለሁ?» የሚለውንም ጨምረው መልሰዋል። ልጅዎ ያነበበችው ቁጥርም ውሸት አይደለም፤ ይሁንና ቁጥሩ የሚለካው ነገር እሷ ከገመተችው ይለያል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን መርጬ «እሱን ስሙ» ልልዎ አልችልም፤ እያንዳንዳቸው የተናገሩት እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ ግን ላሳይዎ እሞክራለሁ።

ጉልበት ከውጭ ሲያዩት አንድ ማጠፊያ ይመስላል እንጂ ሐኪሞች ሦስት ክፍሎች አድርገው ነው የሚያዩት፤ የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት በውስጥ በኩል የሚገናኙበት፣ በውጭ በኩል የሚገናኙበት፣ እንዲሁም ሎሚው ከጭን አጥንት ፊት ለፊት የሚንሸራተትበት። አጥንቶቹ እርስ በርስ እንዳይፋተጉ የሚሸፍናቸው ልስልስ ልም አጥንት እየሳሳና እየተላጠ ሲሄድ የሚመጣው ሕመም ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል፤ ሰው ሲራመድ የክብደቱ ትልቁ ድርሻ የሚያርፈው በውስጠኛው ወገን ላይ በመሆኑ ብዙ ጊዜ መሸርሸሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከፊል ቅያሪ ማለት የተሸረሸረውን አንዱን ወገን ብቻ ከላይም ከታችም በስሱ ቆርጦ በብረት ማልበስና በመካከላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ማስገባት ነው፤ ሌላው ወገን፣ ሎሚውና ጅማቶቹ በሙሉ ባሉበት ይቀራሉ። በሙሉ ቅያሪ ግን የሁለቱም ወገን ገጽ ይቆረጣል፣ በመካከል ያለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማትም አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል። «ግማሽ» የሚለው የተለመደ አጠራር ሥራው በግማሽ የተተወ ስለሚያስመስለው ብዙ አልወደውም። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበትን የኦክስፎርድ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነደፉት ጆን ጉድፌሎ የተባሉ ቀዶ ሐኪምና ጆን ኦኮነር የተባሉ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ሐሳባቸው ደህናውን ጅማት ሳይነኩ የታመመውን ገጽ ብቻ መተካት ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ የእርስዎ ጉልበት ለዚህ ሥራ የሚሆን ዓይነት ነው ወይ የሚለው ነው። ራጁን ቆመው ይነሡት ተኝተው አልነገሩኝም፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ተኝተው ሲነሡ ክብደት ስለማያርፍበት፣ ልም አጥንቱ ያለቀበት ጉልበት እንኳ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ክፍተት ያለው ይመስላል። ቆመው፣ ጉልበትዎንም ትንሽ አጠፍ አድርገው የተነሡት ራጅ ነው እውነቱን የሚናገረው። በዚያ ራጅ ላይ በውስጥ በኩል አጥንት ከአጥንት ጋር ተነካክቶ ከታየ ከፊል ቅያሪ ጥሩ ውጤት የሚሰጠው ለእንዲህ ያለው ጉልበት ነው። ሰዎችን የሚገርማቸው ተቃራኒው ነው፤ ገና ግማሽ የሳሳ፣ ክፍተቱ ያልተዘጋ ጉልበት «ሳይብስ በጊዜ እንሥራው» ተብሎ ሲሠራ ሕመሙ ሳይለቅ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ምክንያቱም ሕመሙ ከዚያ መሸርሸር ብቻ የመጣ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪም «ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ» ቢልዎ መገላገልዎን ያዘገየብዎ አይምሰልዎ።

ከዚያ በተጨማሪ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ደህና መሆን አለበት፤ የውጭው ወገን ልም አጥንቱን ሙሉ ለሙሉ ጠብቆ መቆየት አለበት፤ እግሩ ቀስት ሠርቶ ከሆነም ሐኪሙ በእጁ ገፋ ሲያደርገው ወደ ቦታው የሚመለስ መሆን አለበት። ይህን የመጨረሻውን ለማየት ጉልበቱን ወደ ጎን ገፍተው እንደያዙት ራጅ የሚያነሡ አሉ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ውሳኔ ከውዱ ኤምአርአይ ይልቅ እሱ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው። ሩማቶይድ የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ሰው ግን ሕመሙ መላውን ጉልበት የሚያጠቃ ስለሆነ ለከፊል ቅያሪ አይታጭም።

ሁለተኛው ሐኪም ያነሡትን የክብደት ነገር በተመለከተ፣ መነሻው የሚታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኮዚን እና ስኮት የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ከፊል ቅያሪ የሚሆነው ዕድሜው ከ60 በላይ፣ ክብደቱ ከ82 ኪሎ በታች ለሆነና ከባድ የጉልበት ሥራ ለማይሠራ ሰው ነው የሚል መስፈርት አወጡ፤ ያ መስፈርት ለረጅም ጊዜ እንደ ሕግ ተይዞ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ግን ፕላስቲኩ በሚንሸራተት ዓይነት በተሠሩ ሰዎች ላይ የተደረጉ ክትትሎች ከ82 ኪሎ በላይ የሆኑት ሰዎች ከሌሎቹ የባሰ ውጤት እንዳላገኙ ስላሳዩ፣ ዛሬ ብዙዎቹ የዘርፉ ሰዎች ክብደትን ብቻውን መከልከያ አያደርጉትም። ስለ ሎሚውም እንዲሁ ነው፤ ከሎሚው ሥር ያለው ገጽ በውስጠኛው በኩል መጠነኛ መሸርሸር ቢኖረው ከፊል ቅያሪውን አያበላሽም፤ በውጭኛው በኩል አጥንቱ ተቦርቡሮ ቦይ እስኪሠራ ከደረሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንግዲህ «ተሸርሽሯል» ሲሉዎት «በየትኛው በኩል? ምን ያህል?» ብለው መጠየቅ ይገባዎታል። ለመምህር ደግሞ ጥያቄ መጠየቅ አይከብድም።

አሁን ወደ ልጅዎ ቁጥር ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

በእንግሊዝና በዌልስ የሚቀየር እያንዳንዱ ጉልበት የሚመዘገብበት ብሔራዊ መዝገብ አለ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከ100 ሺህ በላይ ታካሚዎችን አመሳስሎ ሲያነጻጽር፣ ከፊል ቅያሪ የተደረገላቸው ሰዎች በስምንት ዓመት ውስጥ እንደገና የመቀየር ዕድላቸው ሙሉ ከተቀየረላቸው በሁለት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ልጅዎ ያነበበችው ይህንን ወይም የዚህን ወንድም መሆን አለበት። ነገር ግን የዚያው ጥናት ሌላኛው ገጽ ብዙ ጊዜ አይነበብም፤ ከፊል የተቀየረላቸው ሰዎች ቶሎ ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ የደም መርጋት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ ያጋጠማቸው ያነሱ ናቸው፣ የሞቱትም ያነሱ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ሒሳቡን ሲያስቀምጡት፣ ሙሉ ሊቀየርላቸው የነበሩ 100 ሰዎች በምትኩ ከፊል ቢቀየርላቸው በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት አንድ ያህል ሞት ይቀንሳል፣ ሦስት ያህል ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ይመጣል ብለዋል። አንዱን ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚመዝኑት የእርስዎ ፈንታ ነው፤ ልጅዎ ግን የሚዛኑን አንድ ወገን ብቻ ነው ያሳየችዎ።

ሌላው ነገር «እንደገና ተቀየረ» ማለትና «ውጤቱ መጥፎ ሆነ» ማለት አንድ አለመሆናቸው ነው። የቤትዎ በር ቁልፉ ቢበላሽ ዛሬውኑ ያስቀይሩታል፤ መቃኑ ቢጣመም ግን ግድግዳ ማፍረስ ስለሚጠይቅ በሩን እየገፉ ዓመታት ይኖሩበታል። ከተማ ውስጥ የተቀየሩ ቁልፎችን ብቻ የሚቆጥር ሰው ቁልፍ ከመቃን የባሰ ዕቃ ነው ብሎ መደምደሙ አይቀርም። ጉልበትም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከኒውዚላንድ መዝገብ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትንታኔ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በጣም ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸውን፣ ማለትም ክፉኛ የሚሠቃዩትን ሰዎች ብቻ ለይቶ ሲያይ፣ ከፊል ከተቀየረላቸው መካከል 63 በመቶ ያህሉ እንደገና ሲሠሩ ሙሉ ከተቀየረላቸው ግን እንደገና የተሠሩት 12 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሥቃዩ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ከፊሉን ወደ ሙሉ መለወጥ ለሐኪሙ ስለሚቀለው ውሳኔው ቶሎ መወሰኑ ነው። ሙሉውን አውጥቶ ሌላ ሙሉ መተካት ከባድ ሥራ ስለሆነ ሐኪሙም ታካሚውም «እንደምንም እንቻለው» ይላሉ፤ የቻሉትም በመዝገቡ ላይ «የተሳካ» ተብለው ይቆጠራሉ።

ይህን ስል ከፊሉን ላሞግስልዎ ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የአውስትራሊያንና የፊንላንድን መዝገቦች ያጣመረ ጥናት ከ25 ዓመት በኋላ ሳይነኩ የቆዩት ከሙሉ ቅያሪዎች 82 በመቶ ያህል፣ ከከፊል ቅያሪዎች ደግሞ 70 በመቶ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። ለእርስዎ 25 ዓመት ማለት 89 ዓመት ነው፤ ዕድሜውን ያድልዎና፣ ከፊሉን የሚመርጥ ሰው አንድ ቀን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊመጣ እንደሚችል አውቆ መግባት አለበት። የሚመጣውም በአብዛኛው ብረቱ ከአጥንቱ ሲላቀቅ፣ መሸርሸሩ ወደ ውጭኛው ወገን ሲዛመት፣ ፕላስቲኩ ከቦታው ሲወጣ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ሲቀጥል ነው። ከፊሉን ወደ ሙሉ መለወጥ ብዙ ጊዜ ባያስቸግርም ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያ ሙሉ ቅያሪ ቀላል አይሆንም፤ የጎደለ አጥንት መሙላት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

የሰዎቹ ስሜትስ? ለእኔ ከመዝገቡ ቁጥር የሚበልጠው ይህ ነው። በብሪታንያ 528 ሰዎችን በዕጣ ከፋፍሎ ለግማሾቹ ከፊል፣ ለግማሾቹ ሙሉ ቅያሪ ያደረገው ጥናት የአምስት ዓመት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትሟል። ከ48 በሚታሰበው የኦክስፎርድ የጉልበት መለኪያ ከፊል የተቀየረላቸው በአማካይ 38፣ ሙሉ የተቀየረላቸው 37 አገኙ፤ ይህ ልዩነት ነው ሊባል አይችልም። ወጪው ግን በከፊሉ በኩል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ጉልበቱ ለሁለቱም የሚመች ከሆነ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሕመሙ የቀነሰለትና ደረጃ የሚወጣው ሰው የትኛው እንደሆነ ከአረማመዱ መለየት ያስቸግራል። ከፊሉ ቶሎ ያስነሣል፣ ጉልበቱም «የራሴ ነው» የሚል ስሜት ይሰጣል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ጅማቶቹ ስላልተነኩ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ሙሉ ከተቀየረላቸው ሰዎች መካከል ከአምስት አንዱ ገደማ «እንደጠበቅሁት አልሆነልኝም» እንደሚል በልዩ ልዩ አገሮች በተደጋጋሚ ስለተነገረ፣ በየትኛውም ምርጫ የሃያ ዓመት ወጣት ጉልበት እንደማይመለስ ከአሁኑ ማወቁ ይሻላል።

ስግደትን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ጉልበት ማጠፍ አንድ ነገር ነው፣ በጉልበት ላይ ክብደት ማሳረፍ ሌላ። ማጠፉ በከፊል ቅያሪ አብዛኛውን ጊዜ በደህና ሁኔታ ይመለሳል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረዎት የመታጠፍ አቅም ከኋላ ለሚያገኙት ትልቁ መለኪያ ነው። መንበርከክ ግን ብዙ ሰው ያስቸግረዋል፤ ብረቱ ስለሚጎዳ አይደለም፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ መንበርከክ የተተከለውን ዕቃ አያበላሸውም። ሲቆረጥ ቆዳውን የሚያገለግሉ ቀጫጭን ነርቮች ስለሚነኩ ከጠባሳው ውጭኛ ጎን ያለው ቆዳ ይደነዝዛል፣ ሲንበረከኩበትም እንግዳና የሚያሳምም ስሜት ይሰጣል። ሐኪምዎ ከፈቀዱልዎ በኋላ፣ ሦስት ወር ገደማ ሲሆን፣ መጀመሪያ ፍራሽ ላይ፣ ከዚያ ወፍራም ትራስ ላይ እየተንበረከኩ ይለማመዱ፤ ሳይለማመዱት የተዉት ሰዎች ናቸው እስከ መጨረሻው የሚፈሩት። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ስግደትን ሰጊድ፣ አስተብርኮና አድንኖ ብለው ይለያሉ፤ ግንባርን መሬት የሚያስነካው ሰጊድ ቢከብድዎ ራስን ዝቅ የማድረጉ አድንኖ አለ፣ ይህንን ግን ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋገሩበት እንጂ የእኔ ድርሻ አይደለም። ከመሬት ሲነሡ ግን መቋሚያዎ ወይም ወንበር አጠገብዎ ይሁን፣ ደህናውን እግር ቀድመው ይትከሉ። ቁጢጥ ማለት በጣም ስለሚከብድ መጸዳጃዎ የቁጢጥ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መቀመጫ ማዘጋጀት አለብዎ።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። ለእርስዎ ውሳኔ ከክብደትዎም፣ ከሎሚውም፣ ከልጅዎ ቁጥርም በላይ የሚመዝነው የሚሠራው እጅ ነው። በዚያው በእንግሊዝ መዝገብ ላይ ተደጋግሞ የታየው፣ ከፊል ቅያሪን በዓመት ጥቂት ብቻ የሚሠሩ ሐኪሞች ታካሚዎች እንደገና የመቀየር ዕድላቸው ከፍ ሲል፣ ከሚቀይሯቸው ጉልበቶች ቢያንስ 20 በመቶውን በከፊል የሚሠሩት ሐኪሞች ግን የተሻለ ውጤት ማግኘታቸው ነው። ሙሉ ቅያሪ ለሐኪሙ ትንሽ ስሕተትን ይቅር የሚል ሥራ ነው፤ ከፊሉ ግን አንድ ሚሊሜትር ሲሳሳት ያስታውቃል፣ ብዙ ያስተካከሉ መስሏቸው ቀስቱን ከመጠን በላይ ከመለሱት ክብደቱ ወደ ውጭኛው ወገን ሄዶ እሱንም ይሸረሽረዋል። በከተማችን የአጥንት ሕክምና ክፍሎችን ቀን ከሌት የሚይዛቸው የመኪና አደጋና የመውደቅ ስብራት ስለሆነ፣ ጥሩ የአጥንት ሐኪም መሆንና ከፊል ቅያሪን አዘውትሮ መሥራት የግድ አብረው አይሄዱም። ሁለተኛው ሐኪም «እኔ የምቀይረው ሙሉውን ነው» ሲሉ ይህንኑ በሐቀኝነት እየነገሩዎት ከሆነ ላከብራቸው ይገባኛል፤ ሙሉውን ደጋግሞ የሚሠራ ሐኪም የሚሠራው ሙሉ ቅያሪ፣ ከፊሉን በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚሠራ ሐኪም ከፊል ቅያሪ ይሻላል።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ሐኪም ይመለሱና፣ ይሉኝታ ሳይይዝዎ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ከፊል ቅያሪ እንደሠሩ ይጠይቋቸው። ቀጥለው የዕቃው መጠኖችና የፕላስቲኩ ውፍረቶች በሙሉ በዕለቱ ክፍሉ ውስጥ ይኖሩ እንደሆነ፣ የሙሉ ቅያሪውም ዕቃ አብሮ ይቀርብ እንደሆነ ይጠይቁ። ይህንን የምለው ጉልበቱ ተከፍቶ ሲታይ ጅማቱ የተበጠሰ ወይም የውጭው ወገን የተላጠ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል ነው፤ እንዲያ ሲሆን ሐኪሙ እዚያው ወደ ሙሉ መሻገር መቻል አለባቸው፣ እርስዎም የፈቃድ ቅጹን ስትፈርሙ ሁለቱንም ፈቅደው መግባት አለብዎ። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ የተተከለልዎትን ዓይነትና መጠን የሚገልጸውን ተለጣፊ ወረቀት ኮፒ ተቀብለው ያስቀምጡ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ፕላስቲኩን ብቻ መቀየር ቢያስፈልግ ያለዚያ ወረቀት ሐኪሙ በጨለማ ነው የሚዳብሰው። ልጅዎ ወደ ውጭ ሄደው እንዲሠሩ ካሰበችም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት ረጅም በረራ ለደም መርጋት እንደሚያጋልጥና ክትትሉ እዚሁ አዲስ አበባ እንደሚሆን አስበው ይወስኑ።

አንድ ነገር ግን ሳልቆጣዎት አላልፍም፤ አራት ቀን ፊዚዮቴራፒ ሞከርኩ አይባልም። በዴንማርክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ጉልበታቸው ለሙሉ ቅያሪ የደረሰ 100 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን ቀዶ ሕክምናና እንቅስቃሴ፣ ግማሾቹን እንቅስቃሴ፣ የአመጋገብ ምክርና መድኃኒት ብቻ ሰጥቷቸው ነበር። የተቀየረላቸው የበለጠ ተሻላቸው፣ ይህ አያጠያይቅም፤ ካልተቀየረላቸው ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ቀዶ ሕክምና የሄዱት አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እርስዎ ከበርጩማ ለመነሣት እጅ የሚያዝልዎ ከሆነ ለቀዶ ሕክምና ጊዜው የደረሰ ይመስለኛል፤ ሆኖም የጭንዎን ፊት ጡንቻ ለስምንት ሳምንት ያህል አጠንክረው ቢገቡ ከኋላ የሚያገኙት ሁሉ ይቀልልዎታል። ክብደትም ቢሆን አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትዎ ላይ የሚቀነሰው ጫና አራት ኪሎ ያህል ስለሆነ ድካሙ ከንቱ አይሆንም። ዲክሎፌናኩን ለዓመታት ሲውጡ ኖረው ከሆነ ኩላሊትዎንና የደም ግፊትዎን ያስለኩ። የስኳር ሕመም ካለብዎ ሳይስተካከል አይግቡ። ጉልበትዎ ላይ የሚወጉትን መርፌም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ አይወጉ፤ የመመረዝ አደጋን ከፍ ያደርጋል።

ከተሠሩ በኋላ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ዎከር ይዘው ያስቆሙዎታል፤ ከሆስፒታል የሚወጡትም ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አራተኛ ፎቅ ግን አራተኛ ፎቅ ነውና፣ የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ምድር ቤት ካለ ዘመድ ጋር ያሳልፉ፤ ካልተቻለም ከመውጣትዎ በፊት ፊዚዮቴራፒስቱ ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ያለማምድዎ። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የተሠራው። ተኝተው ሳሉ ከጉልበትዎ ሥር ትራስ አያድርጉ፤ ምቾት ይሰጣል፣ ነገር ግን ጉልበቱ ታጥፎ እንዲቀር ያደርገዋል፣ ቀጥ አድርጎ መዘርጋት ደግሞ ከማጠፍ እኩል የሚያስፈልግ ነገር ነው። እብጠቱና ሙቀቱ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል አይደንግጡ፤ መሻሻሉም እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል። ሊያስደነግጥዎ የሚገባው የባትዎ ማበጥና ማመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት፣ ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የእኛን አገር ልማዶች ልጥቀስ። የመጀመሪያው፣ ጎረቤት «ወጌሻ አሽቶ ያላቅልሽ» ቢልዎ፣ የተሠራውን እግር ማንም እንዳያሽ፤ ባት ውስጥ የረጋ ደም ካለ መታሸት ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ሁለተኛው፣ ቁስሉ ቢቀላ ወይም ቢያመረቅዝ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝተው አይዋጡ። የተመረዘ ጉልበት የሚድነው ተሕዋሲያኑ ምን እንደሆነ ከጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ ተቀድቶ ሲታወቅ ነው፤ ሁለት ቀን የተዋጠ ካፕሱል ምርመራውን ያሳስተዋል፣ መመረዙን ግን አያጠፋውም። በቀጥታ ወደ ሠሩዎት ሐኪም ይሂዱ፣ በዓልም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን።

የባንኩ መፈተሻ ሊጮህ ይችላል፤ እንደ ማሽኑ ዓይነትና እንደ ተስተካከለበት መጠን ይለያያል፣ ከፊል ቅያሪ ብረቱ አነስተኛ ስለሆነ ሳይሰማ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ከሐኪምዎ አጭር የምስክር ወረቀት ተቀብለው ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ፤ በር ላይ ያለችው ፈታሽ ልጅ ከጠየቀችዎ ግን ወረቀቱን ከመፈለግዎ በፊት «ጉልበቴ ነው፣ ልጄ» ቢሏት ብዙ ጊዜ ይበቃል።